የመረጃ ቋት ሰርቨር ማስተካከያ ፋይሎች አያያዝ

አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ለአንድ ተማሪ ሁለት የማርክ መዝገብ ቢይዝና ውጤቶቹ ቢለያዩ፣ የትኛው እንደሚጸና አስቀድሞ ካልተወሰነ ጭቅጭቅ መነሣቱ አይቀርም። የመረጃ ቋት ሰርቨርን የሚመሩት ፓራሜትሮችም እንዲሁ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ በብዙ ተቋማት የሚሠራበትን ፖስትግሬስን በምሳሌነት እንወስዳለን።

ባለፈው ዓመት በማሠልጠኛ ተቋማችን በምዝገባ ቀን ሰርቨሩ አዲስ ግንኙነት አልቀበልም አለ። እኔም የግንኙነቱን ጣሪያ ከ100 ወደ 200 ከፍ አድርጌ ሰርቨሩን እንደገና አስነሣሁ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ከሩቅ አገር የመጡ ሠልጣኞች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ሁለት ሰዓት ፈለግን። በመጨረሻም ከፋይሉ ግርጌ ሌላ ሰው ቀደም ሲል የጨመረው «100» የሚል መስመር ተገኘ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው የሚገልጽ ቃል አልነበረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አንድ ፓራሜትር ሁለት ጊዜ ቢጻፍ የሚጸናው የኋለኛው ነው። ስለ ድግግሞሹም ስሕተት ብሎ አይቆምም።

ከዚህ ችግር ለመዳን የሚከተለው አሠራር ይጠቅማል።

1ኛ/ ዋናውን ፋይል እንደመጣ መተው። በግርጌው «ኢንክሉድ ዲር» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ የራስን ማስተካከያ በተለየ ማኅደር ማኖር ነው። ይህ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው 9.3 እትም የተጀመረ ነው።

2ኛ/ ፋይሎቹን በጉዳይ መክፈልና በቁጥር መሰየም፤ ይኸውም 10 ለግንኙነት፣ 20 ለማስታወሻ፣ 30 ለምዝግብ። ሰርቨሩ በስም ቅደም ተከተል ያነባቸዋል። ስማቸው በ«ነጥብ ኮንፍ» ያላለቀውን ግን አያነብም።

3ኛ/ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ በ# ምልክት ቀኑን፣ ያዘዘውን ሰውና ምክንያቱን መጻፍ።

4ኛ/ «ኦልተር ሲስተም» በሚባለው ትእዛዝ የተለወጠ ነገር ለብቻው በሌላ ፋይል ይጻፋል፤ ይህም ፋይል ከሁሉም በኋላ ስለሚነበብ ሌሎቹን ይሽራል። ስለዚህ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መርጦ መጽናት ይገባል።

ማረጋገጡም አይዘንጋ። «ፒጂ ፋይል ሴቲንግስ» የተባለው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንዳለና ስሕተት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ያሳያል። ይህንንም ሰርቨሩን ሳያስነሡ ማየት ይቻላል። የግንኙነት ጣሪያንና የጋራ ማስታወሻን የመሳሰሉት ግን ሰርቨሩ ዳግም ካልተነሣ አይጸኑም። ስለሆነም ለውጡን ከምዝገባ ሳምንት አስቀድሞ መፈጸም ይሻላል።

ይህን ሥርዓት ለሠልጣኞቻችን ስናስተምር የምናስተምረው ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። ነገ በእኛ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ሥራችንን ያለ እኛ ሊረዳው እንዲችል አድርጎ መጻፍንም ነው።