የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታሮችና የፋብሪካ ብሪጃቸው

የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። አዋቂው ግን ብሪጁን ይመረምራል። ብሪጅ በበገና ላይ በርኩማ እንደሚሠራው ሁሉ ክሮቹን ተሸክሞ ንዝረታቸውን ወደ እንጨቱ ያደርሳል። በኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ተጨማሪ ኃላፊነት አለበት። ክር ፍሬት ላይ ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ በጥቂቱ ይቀጥናል፤ መጠኑም እንደ ክሩ ውፍረት ይለያያል። ስለዚህ ጊታሩ ከላይ እስከ ታች ተቃኝቶ እንዲሰማ የእያንዳንዱ ክር ርዝመት ለብቻው መስተካከል አለበት። የብሪጅ ታሪክ በአመዛኙ ይህን ችግር የመፍታት ታሪክ ነው።

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ያቀረበውና በማግስቱ ዓመት ቴሌካስተር የተባለው ጊታር ጠርዙ የታጠፈ የብረት ሳህንና ሦስት የናስ በርሜሎች ነበሩት። አንዱ በርሜል ሁለት ክር ስለሚሸከም፣ አንዱን ክር ሲያስተካክሉ ሌላው ይዛባል። በ1954 የመጣው ስትራቶካስተር ለስድስቱም ክሮች የየራሳቸውን ማረፊያ ሰጠ። ብሪጁም በስድስት ብሎኖች ከፊት ተይዞ፣ ከኋላ በሞላዎች እየተጎተተ ይወዛወዛል፤ ተጫዋቹ ብሪጁ ላይ በተሰካው የእጅ ዘንግ ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው በዚህ ነው።

ሚሺጋን የነበረው የጊብሰን ኩባንያ መንገዱ ሌላ ነበር። በ1952ቱ ሌስ ፖል በተባለው ጊታሩ የአንገቱ ዝንባሌ አነስተኛ ስለነበር ክሮቹ በብሪጁ ዘንግ ሥር እንዲያልፉ ተደረገ። በዚህ ሳቢያ ተጫዋቹ በመዳፉ ክሮቹን ማፈን ተቸገረ። በ1953 ክሮቹ በላዩ የሚጠመጠሙበት ዘንግ ቦታውን ያዘ። በ1954 ደግሞ በሌስ ፖል ከስተም ላይ ቱን-ኦ-ማቲክ የተባለው ባለ ስድስት ማረፊያ ብሪጅ ወጣ፤ የፈጠራ መብቱም በኩባንያው ፕሬዚዳንት በቴድ ማካርቲ ስም ተመዘገበ።

ይህ የመጀመሪያው ቱን-ኦ-ማቲክ፣ ማለትም ኤቢአር-1፣ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ክር ሲበጠስ ማረፊያው ተፈንጥሮ ይወድቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማረፊያዎቹን የምትይዝ ቀጭን ሽቦ ተጨመረችበት። የ1950ዎቹ ነው በተባለ ጊታር ላይ ሽቦዋ ከታየች ብሪጁ ተቀይሯል ወይም በኋላ ተነክቷል ማለት ነው። ብሪጁን የሚሸከሙት ቀጫጭን ምሰሶዎችም በቀጥታ እንጨቱ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው። በ1970ዎቹ የመጣው ናሽቪል የተባለው ሰፋ ያለ ብሪጅ ግን ምሰሶዎቹ የብረት እጅጌ አላቸው። አሮጌውን በናሽቪል ለመተካት ስለዚህ ቀዳዳውን ማስፋት ያስፈልጋል፤ የሰፋ ቀዳዳም አይደበቅም።

ያረጀ ብሪጅ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የድሮ ዕቃ ተነቅሎ ለብቻው ይሸጣል፣ አዲሱንም የሚያስረጁ አሉ። ብሪጁ ከእንጨቱ ቀዳዳና ቀለሙ ላይ ከቀረው ጥላ ጋር መስማማቱን ማየት ያሻል።

ለመጫወት ሲባል የተበላ ማረፊያን በአዲስ መተካት ነውር የለበትም። አዲስ ቀዳዳ ግን አትብሱ፤ የነቀላችሁትንም ብሪጅ ከነብሎኖቹ በጊታሩ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።