ለቆላ ቤት የሚሆን መብራት

ሸዋሮቢት ገበያ ላይ «ማሾ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ የሚፈልገው እህሉን ነው፤ ቀወትና ኤፍራታና ግድም የሚያበቅሉትን፣ በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምርት ገበያ የገባውን። ድሮ ግን ማሾ መብራትም ነበር። ላምባው በአየር ግፊት እየተገፋ፣ ከረጢት በምትመስል ስስ ጨርቅ ላይ እየነደደ፣ እሽሽ እያለ የሰርግ ዳስ ያደምቅ ነበር። እንደ ማሾ ያለውን መግዛት ያልቻለ ኩራዙን ይለኩሳል፦ ቆርቆሮ፣ ክርና ላምባ። ርካሽ ይምሰል እንጂ ላምባው ሁልጊዜ ይገዛል፤ ጥቀርሻው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ዛሬ ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ባለ ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። ጥያቄው ከባለ ክሩ አምፖል ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርም፤ ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ባለ 60 ዋቱ የክር አምፖልና ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ሁለቱም 800 ሉመን ገደማ ይሰጣሉ። በየማታው አምስት ሰዓት ቢበሩ የመጀመሪያው በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ሁለተኛው አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱ የት ገባ? ሙቀት ሆነ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ምርቃት ነው በተባለ ነበር። ደብረ ሲና ላይ የደረቡትን ጋቢ ቁልቁል ወርደው በሚያወልቁበት፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሸዋሮቢት ግን ባለ ክሩን አምፖል መኝታ ቤት ማንጠልጠል ትንሽ ምድጃ እንደ መስቀል ነው።

ካርቶኑን ገልበጥ አድርገው ይዩት። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል ከሆነ ብርሃኑ ቢጫ ነው፤ 6500 ካለ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ነጩ ደመቅ ያለ ስለሚመስል ብዙ ሰው እሱን ያነሳል። እኔ ለበረንዳ ቢጫውን እመርጣለሁ፤ የሌሊት ነፍሳት ወደ እሱ የሚጎርፉት ያነሰ ነው፣ ወጡ ውስጥም አይዘንቡም። የወባ ትንኝ ግን የምትመጣው ትንፋሻችንንና የገላችንን ሽታ ተከትላ ነውና አጎበሩ ከቦታው አይነሳ።

መስመር ላልደረሰበት ቤት የፀሐይ መብራት አለ። ሸዋሮቢት ያለበት ይፋት በፀሐይ አይታማም፤ ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል። ፓነሉ ከመብራቱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ፣ ቻርጅ ለማድረግ ባትሪውን አብሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መጣድ ነው። ስለዚህ ፓነሉ በሽቦ የተለየውን ይፈልጉ፦ ፓነሉ ጣሪያ ላይ፣ መብራቱ ጥላ ውስጥ። ፓነሉን ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘንብሉት፤ አቧራውንም አልፎ አልፎ ይጥረጉለት።

ሱቅ ውስጥ አብርተው ያስፈትሹ፣ ስለ ዋስትናውም ይጠይቁ። ሻጩ «ባለ ስንት ዋት ልስጥዎ?» ሲል «ስንት ሉመን አለው?» ይበሉት። ካላወቀ አብራችሁ ካርቶኑን አንብቡ፤ ቁጥሩ እዚያው ላይ ተጽፏል።