ነርስነትን ለምን መረጥኩ?

ዲፓርትመንት የመምረጫ ጊዜ በደረሰ ቁጥር በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ውጤትሽ ለሜዲስን ይበቃሽ ነበር፤ ለምን ነርስነት ገባሽ?» ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መነሻዬ አያቴ ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው ቤት አስተኝተን እናስታምማቸው ነበር። ጎረቤት ይጠይቃል፣ እናቴ ሌት ተቀን ከአጠገባቸው አትጠፋም። ፍቅሩ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለን እውቀት ነው። ጀርባቸው መቅላት ሲጀምር ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እንድንቀይር፣ አንሶላቸው እንዳይረጥብና እንዳይጨማደድ፣ ስናጎርሳቸውም ቀና አድርገን እንድናስቀምጣቸው አሳየችን። ቅላቱ ወደ ቁስል ሳይሄድ ጠፋ። አዲስ መድኃኒት አልታዘዘላቸውም፤ የተለወጠው አያያዛችን ብቻ ነበር። በሽተኛ መያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት እንዳለው ያኔ ገባኝ፤ መማር የፈለግኩትም እሱን ነው።

አባቴ ግን መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ነርስነት ውጤት የጎደለው ሰው የሚገባበት ይመስለው ነበር። የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ነገርኩት። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት እንግሊዝ ሳሉ የተማሩት ነርስነትን ነው፤ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነዋል። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ቢያርፉም በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠርቷል፤ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው እሱ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ አልተከራከረኝም።

ሥራው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ምርጫዬን የሚያጸኑ ምክንያቶች አገኘሁ።

አንደኛው ቅርበቱ ነው። ሐኪሙ በራውንድ መርምሮ ያዝዛል፤ ከዚያ ሌሎች ታካሚዎች ይጠብቁታል። ቀኑንም ሌሊቱንም ዋርዱ ውስጥ የምትቆየው ነርስ ናት። ደም የሚሰጠው ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከዓይን አይጠፋም፤ ደሙ ካልተስማማው ምልክቱ ቶሎ ሊታይ ይችላልና። የወለደች እናት ደም እየፈሰሳት ከሆነ ብዙውን ጊዜ የደም ግፊቷ ከመውረዱ በፊት የልብ ምቷ ይፈጥናል። ይህን ከቀደመው ሰዓት ልኬት ጋር አስተያይታ ሐኪም የምትጠራው ተረኛዋ ነርስ ናት። ቫይታል ሳይን መዝግቦ ማለፍና የተመዘገበውን ማንበብ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው የሰው ሕይወት ያተርፋል።

ሌላው ማስተማሩ ነው። ኢንሱሊን ታዝዞለት ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው ቤቱ ፍሪጅ የለም። መድኃኒቱን በሸክላ ዕቃና በእርጥብ አሸዋ እንዴት ከሙቀት እንደሚጠብቀው፣ የሚወጋበትን ቦታ እንዴት እንደሚያቀያይር፣ ስኳሩ ወርዶ ላብ ሲያጠምቀውና እጁ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ጣፋጭ እንዲቀምስ አጠገቡ ቁጭ ብላ የምታስረዳው ነርስ ናት። ማዘዣው ላይ የተጻፈው መድኃኒት እቤቱ ገብቶ የሚሠራው ታካሚው ይህን ሁሉ ከተረዳ ነው።

ከባዱንም ልንገራችሁ። የሌሊት ተራ ሰውነት ይጎዳል። አንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ ታካሚ ትይዛለች፤ ጓንት የሚያጥርበት ቀን አለ፤ ደመወዙም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። እነዚህ በርኅራኄ ብቻ የሚቻሉ አይደሉም፤ መስተካከል ያለባቸው ናቸው፤ እኛም ከመጠየቅ አንቦዝንም። እኔን ያቆየኝ የምሠራውን አውቄ መሥራቴ ነው። ከዲግሪ በኋላም በሕፃናት፣ በጽኑ ሕሙማን፣ በቀዶ ጥገና፣ በአእምሮ ጤና ስፔሻላይዝ ማድረግ ይቻላል፤ መንገዱ ዲግሪ ላይ አያበቃም።

ነርስነትን ከሜዲስን የተረፈ አድርጎ ማሰብ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ታካሚውን ነው። ሳይወድ የገባ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልብ ምት በጥንቃቄ አይቆጥርም።

ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ በሥራ ላይ ያለ ነርስ ፈልጋችሁ ስለ ውሎው ጠይቁት። የመድኃኒት መጠን ደጋግሞ ማስላት የማይሰለቻችሁ፣ ከታመመ ሰው አጠገብ መቆየት የማይከብዳችሁ ከሆነ ነርስነትን አንደኛ ምርጫችሁ አድርጋችሁ ሙሉት። ታካሚ የሚያስፈልገው መርጦት የመጣ ነርስ ነው።