ሙሽራዋ ስትገባ የሚሰማው ዜማ

የልጅ ልጄ ሠርግ ሲቃረብ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እሷ ወደ አዳራሹ ስትገባ በኪቦርድ እንዲመታላት የፈለገችው በየሠርግ ቪዲዮው የሚሰማውን የፈረንጅ ዜማ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ «እልልታ እያለ ምን ሲባል!» አሉ። እኔ ዜማው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዜማው ጀርመናዊው ሪቻርድ ቫግነር ከደረሰው «ሎሄንግሪን» ከተባለው ኦፔራ የተወሰደ ነው። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1850 በቫይማር ከተማ ነው። በታሪኩ ኤልሳ የምትባል ልጃገረድ፣ ስሙንና የመጣበትን አገር እንዳትጠይቀው ቃል ያስገባትን ፈረሰኛ ታገባለች። አጃቢዎች ወደ ጫጉላቸው ሲሸኟቸው የሚዘምሩት ይህንን ዜማ ነው። በዚያው ሌሊት ኤልሳ አላስችል ብሏት ትጠይቀዋለች። እሱ ጥሏት ይሄዳል፤ እሷም ወድቃ ትሞታለች።

ሙሽሮች ሲወጡ የሚመታው ደማቅ ማርሽ ግን የፌሊክስ ሜንደልሶን ነው። በ1842 የደረሰው በሠርግ ለሚያልቅ አንድ የሼክስፒር አስቂኝ ቴአትር ነው። ስሙ የገነነውም በ1858 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ከተመታ ወዲህ ነው። ብዙዎች ለቤተ ክርስቲያን የተደረሰ የሚመስላቸው የሹበርት «አቬ ማሪያ» ደግሞ በ1825 የተደረሰው ከዋልተር ስኮት የግጥም ትረካ በተወሰደ ቃል ነው። በትረካው አንዲት ልጃገረድ እመቤታችንን ትለምናለች።

ዜማን ከቦታው ማገናኘት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱስ ያሬድ በወረደው ሥርዓት ድጓ ለዓመቱ በዓላት፣ ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም፣ መዋሥእት ለሙታን ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። መዋሥእትን ለሠርግ የሚያነሳ መሪጌታ የለም።

የኤልሳን ታሪክ ስነግራት የልጅ ልጄ ሳቀችና ራሷ ወሰነች፦ መግቢያው በአክስቶቿ ዘፈንና እልልታ፣ መውጫው በሜንደልሶን። ባለቤቴም ተስማሙ።

ልጅ የምትድሩ ሁሉ፣ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደሚመታ ጠይቁት። ከዚያ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ታሪኩን አውሩ። ያን ጊዜ ምርጫው የክርክር ሳይሆን የጨዋታ ምክንያት ይሆናል።