ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያውቅ ኮምፒዩተር ሥዕል ስለ ማየት

በብዙ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተርና በአጠገቡም በላስቲክ የታሰረ ዲስኬት አይታጣም። ከዲስኬቱ ውስጥ ያለው ሥዕል አልታይ ሲል «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል ቀላል ነገር ነው። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ተበላሽቷል ተብሎ ሊጣል ስለ ነበረ አንድ ሥዕል ነው።

አባቱ በመተማ ዮሐንስ የጉምሩክ ሠራተኛ ሆነው ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ወዳጅ አለኝ። መተማ፥ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉባት፥ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የቆላ ከተማ ናት። በቆላ ደግሞ ምስጥ ለወረቀት አይራራምና፥ ነፍሳቸውን ይማርና አባትየው በሰሊጥ ማሳ ዳር ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ በላው። የተረፈው ታላቅ ወንድሙ በውጭ አገር ሳለ በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ያስቀመጠው ቅጂ ብቻ ነበረ። ወዳጄ የሚሠራ የዲስኬት ማንበቢያ ያገኘው በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ሆነ፥ በዚያው ከፈተው። ከብርቱካንማው መስኮት ላይ የወጣው ግን አግድም የተቆራረጠ ሰንበር ነው። የጥገና ባለሙያውም ፋይሉ እንደ ጠፋ ነገረው።

በዚህ ዓይነት መስኮት ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ወይ ትበራለች ወይ አትበራም፤ መካከለኛ የላትም። ታዲያ የሰው ፊት ጥላ፥ ግራጫው ሁሉ፥ እንዴት ይገለጣል? መልሱን የመተማ ገበሬ ያውቀዋል። ነጭ ሰሊጥ በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ቢፈስስ፥ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ነጩም ጥቁሩም ለየብቻ ነው፤ ራቅ ስትሉ ግን መሬቱ ግራጫ ይመስላል። ሰሊጡ ሲበዛ ይነጣል፥ ሲሳሳ ይጠቁራል። ይህ የያዛችሁት ጋዜጣም ፎቶግራፍ የሚያትመው በዚሁ ዘዴ ነውና በአጉሊ መነጽር ብትመለከቱት ነጥብ በነጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነጥቦቹን የት የት እንደሚጥል ኮምፒዩተሩ የሚወስንበትን አንድ የታወቀ ስልት ፍሎይድና ስታይንበርግ የተባሉ ሰዎች በፈረንጆች 1976 ዓ.ም. አሳተሙ። ለእናንተ ለደመወዝ ሒሳብ እንግዳ ላልሆናችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ሳንቲም የሌለው ገንዘብ ያዥ ለእያንዳንዱ ሰው በሙሉ ብር ብቻ ይከፍላል እንበል፤ የተረፈውን ወይም የጎደለውን ግን አይጥለውም፥ ለሚቀጥለው ተራ ያሻግረዋል። ኮምፒዩተሩም ግራጫዋን ነጥብ ነጭ ወይም ጥቁር ካደረጋት በኋላ ልዩነቱን ለጎረቤቶቿ ያካፍላል፦ ከ16 እጅ 7ቱን በቀኝ ላለችው፥ 3ቱን ከታች በግራ፥ 5ቱን በቀጥታ ከታች፥ 1ዱን ከታች በቀኝ ላለችው። የማኪንቶሹ ሊቅ ቢል አትኪንሰን ደግሞ ከ8 እጅ 6ቱን ብቻ አካፍሎ 2ቱን ተወ፤ ስለዚህ የእርሱ ሥዕል ነጩ ይበልጥ የነጣ፥ ጥቁሩም የጠቆረ ነው። ሒሳብ ሹም ቢሆን ኖሮ በተጠየቀ ነበር፤ ለዓይን ግን ያምራል።

ወደ ወዳጄ ዲስኬት እንመለስ። የወንድሙ ፋይል በማክፔይንት የተሠራ ነው። የማክፔይንት ገጽ ስፋት ሁልጊዜ 576 ነጥብ፥ ቁመቱም 720 ረድፍ ስለ ሆነ፥ ፋይሉ ስፋቱን ጽፎ መያዝ አላስፈለገውም። 8 ነጥብ በአንድ ባይት ይያዛልና አንዱ ረድፍ 72 ባይት ነው። የአሮጌው ኮምፒዩተር የሄርኩሌስ ካርድ ግን መስኮቱ 720 በ348 ነው፤ አንዱ ረድፍ 90 ባይት ይይዛል። ሥዕል ማሳያው ፕሮግራም የተጨመቀውን ፋይል በትክክል ፈታ፤ ነገር ግን ስፋቱን ከራሱ መስኮት ጋር አንድ አድርጎ ገመተ። ስለዚህ የሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ በአንደኛው ጫፍ ተቀጠለ፥ አምስት የሥዕል ረድፍም በአራት የመስኮት ረድፍ ተጨናነቀ። ሰንበሩ ይህ ነበረ።

ስፋቱን 72 ባይት ብለን ስንነግረው ሰው ታየ፤ ፊቱ ግን በርቶ ጋቢው እንደ ከሰል ጠቁሯል። በማኪንቶሽ 1 ማለት በነጭ ወረቀት ላይ ያረፈ ጥቁር ቀለም ሲሆን፥ በዚህኛው መስኮት 1 ማለት በጨለማ ውስጥ የበራ ነጥብ ነውና ሁሉንም ገለበጥነው። ከታች ያለውን ክፍል ስናወርድ ወንድሙ የጻፈው የአባታቸው ስም በአማርኛ ተነበበ። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጽሕፈቱ ለኮምፒዩተሩ ፊደል አይደለም፥ ሥዕል ነው፤ በመፈለጊያ አይገኝም፥ ነገር ግን ያለ አንዳች የፊደል ፕሮግራም ይነበባል።

አንድ ነገር ቀረ። የሄርኩሌስ ነጥብ ከስፋቷ ይልቅ ቁመቷ በአንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ የአባትየው ፊት ረዝሞ ነበር። ከሦስት ረድፍ አንዱን መጣል ቁመቱን ያስተካክላል፤ ሆኖም በጥንቃቄ የተበተኑትን ነጥቦች ስለሚያዛባ፥ ይህን ያደረግነው አስቀድመን በገለበጥነው ሌላ ቅጂ ላይ ነው። ዋናውን ፋይል አልነካነውም፤ እናንተም አትንኩ።

ከአባትየው በስተኋላ አንድ ነጭ ነገር ቆሟል። እኔ ድንኳን አልሁ፥ ወዳጄ የሰሊጥ ነዶ መሰለው። እናቱን ብንጠራቸው ከመስኮቱ ራቅ ብለው ቆሙና፥ «ድንኳንም ነዶም አይደለም፤ የዚያን ቀን ያጠብሁት አንሶላ ነው» አሉን።