አንድ ቤት ለሁለት አባወራ

ርዕሱን አይታችሁ «ደግሞ የማን ትዳር ፈረሰ?» ብላችሁ ከሆነ፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ትዳር ሳይሆን ስለ ኮምፒዩተር ነው። ቢሆንም ብዙ አልተሳሳታችሁም። በዚሁ በኮምፒዩተር ሰበብ ሊፈርስ ለጥቂት የተረፈ ቤት አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ከእናታቸው ጋር የሚኖሩ እህትና ወንድም አሉ። አባታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በቤቱ ያለው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። እሷ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ማታ ማታ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ በፒችትሪ እየሠራች ቤቱን ትደጉማለች። ፒችትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ይፈልጋል። እሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ መምህሩ «የቤት ሥራችሁን ሊኑክስ ላይ ሥሩ» ብሏቸዋል። እሷ «እስኪ ዊንዶውሱን ንካውና ወዮልህ!» ትላለች፤ እሱ «ታዲያ ልውደቅልሽ?» ይላል። በየማታው ጭቅጭቅ!

ለማያውቅ ሰው፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባሉ ናቸው። የቤቱ አባወራ በሏቸው፤ ፕሮግራሙ ሁሉ የሚታዘዘው ለእነሱ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ ኡቡንቱ፣ ሚንት እየተባለ በየዓይነቱ በነፃ ይገኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ፣ ማሽናቸው ዊንዶውስ 11ን አልቀበል ያላቸው ሰዎች ፊታቸውን ወደ ሊኑክስ እያዞሩ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሁለቱን አንድ ኮምፒዩተር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እኩል አያዙም፣ በተራ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ «ማን ይግባ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ።

ወንድምየውም ይህን ሰምቶ አንድ ቅዳሜ፣ እህቱ ሰርግ ሄዳ ሳለች፣ ፍላሹን ሰካ። መጫኛው «ከዊንዶውስ ጎን ልግባ ወይስ ዲስኩን ጠርጌ ልግባ?» የሚል ምርጫ ሲያቀርብለት፣ በችኮላ ሁለተኛውን ተጫነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ግን የሚለቅመውንም አጣ። የነጋዴዎቹ ሂሳብ ሄደ። የአባትየው ፎቶዎችም ሄዱ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበራቸውም።

ደንግጦ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እህቱ ሳትመጣ ብሎ እዚያው ላይ ዊንዶውስ መልሶ ጫነበት! ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ስህተት ነው። የተጠረገ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ፣ በተለይ በድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ በባለሙያ እጅ የሚገኝበት ዕድል አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ኮምፒዩተሩን ወዲያው አጥፉና ምንም ሳትነኩ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

እህትየው ጮኸች፣ አለቀሰች። እናትየው ግን ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ሂሳቡ እንደገና ይሠራል ልጄ፤ አባታችሁን ከየት ላመጣው ነው?» አሉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር።

ጥቂት ፎቶዎች ከዘመድ ስልክ ተለቃቅመው ተገኙ። ሂሳቡን እህትየው ከደረሰኞቹ ላይ እንደገና አስገባችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ ቁጥሩን እያነበበላት፣ እሷ እየጻፈች። እዚያ ላይ ነው የታረቁት። ከዚያ በኋላ ሊኑክሱን አብረው፣ በወጉ ጫኑት። እናንተም ካሰባችሁ እንደሚከተለው አድርጉ።

አንደኛ፣ ዕቃችሁን ከቤት አውጡ። የማይተካውን ሁሉ በሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ እዚያም ላይ እየከፈታችሁ መግባቱን አረጋግጡ። ይህ ሳያልቅ ወደ ሌላው እንዳታልፉ።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውሳችሁ ቢትሎከር በሚባለው ቁልፍ ተቆልፎ ከሆነ፣ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። አለዚያ በገዛ ቤታችሁ ደጅ ትቆማላችሁ።

ሦስተኛ፣ ግድግዳ ለዩ። ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን ክፈቱና «ሽሪንክ ቮልዩም» በሚለው ከሲ ላይ ቀንሱ። ኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ 50 ብትሰጡት ይመቸዋል። የተቀነሰውን ባዶውን ተዉት። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም አጥፉ። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ በደንብ አይዘጋም፣ እንደ ማንቀላፋት ነው፤ ያኔ ሊኑክስ ፋይሎቻችሁን ልንካ ቢል ይቸገራል።

አራተኛ፣ ሊኑክሱን ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ጻፉት። በፍላሹ ላይ ያለው ነገር እንደሚጠፋ አትርሱ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ስታበሩ በዴልና በአብዛኛው ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12ን፣ በኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ተጭናችሁ ፍላሹን ምረጡ። መጀመሪያ ሳትጭኑ እዚያው ፍላሹ ላይ ሞክሩት። ድምፁ፣ ዋይፋዩ ይሠራል? ካልተስማማችሁ ነቅላችሁ መውጣት ነው።

አምስተኛ፣ ስትጭኑ «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» የሚለውን ምረጡ። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን እንደ እሳት ሽሹት! መብራት በሚመላለስበት ቀንም አትጀምሩ፤ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። አዲስ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ዊንዶውሱ ይቅደም፣ ሊኑክሱ ይከተል። ዊንዶውስ ኋላ ከመጣ በሩን ለብቻው ይይዘዋል።

ከተጫነ በኋላ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ብታዩት አትደንግጡ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአገራችን ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3 ሰዓት ነው። ሊኑክሱን በአንድ መስመር ትዕዛዝ ከዊንዶውስ ጋር ማስማማት ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ላፕቶፑ የእሷ ነው፣ ከዚያ በኋላ የእሱ። የተገኙት ፎቶዎች ሁለት ፍላሽ ላይ ተገልብጠዋል፤ አንዱ በእናትየው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማንም እንዳይነካው ተብሏል!

እናንተስ? የማይተካ ፎቷችሁ ስንት ቦታ ነው ያለው? «አንድ ቦታ» ከሆነ መልሳችሁ፣ ሁለተኛውን አባወራ ለጊዜው ደጅ አቆዩትና ዛሬውኑ ገልብጡት።

ቸር ይግጠመን።