ስለ ሦስቱ መዓርጋተ ክህነትና ያለ ክህነት ስለሚያገለግሉ ሊቃውንት
(በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 ላይ የተሰጠ ሐተታ)

ሰባቱ ዲያቆናት በተሾሙ ጊዜ ሕዝቡ መረጠ፤ ሐዋርያትም እጃቸውን ጫኑ። መምረጡና መሾሙ ስለ ምን ተለያየ ቢሉ፥ የሰውን ጠባይ የሚያውቅ አብሮት የኖረ ነው፤ ጸጋው የሚሰጠው ግን በሐዋርያት እጅ ነውና። አንድም፥ ያልተመሰከረለት ተሹሞ እንዳይነቀፍ፤ የተመሰከረለትም ያለ አንብሮተ እድ ካህን ነኝ እንዳይል።

ለዚህ በጋሞ ደጋ ቅርብ ምሳሌ አለ። የአገሩ ሰዎች በዱቡሻ ተሰብስበው ሃላቃ የሚሉትን ሹም ይመርጣሉ፤ እርሱም ወራቱን ሲፈጽም ለሌላው ይለቃል። የእኛም የደብር አለቃ እንዲሁ ይሾማል፥ ይሻራል። ክህነት ግን በወራት ተወስኖ አይሰጥም፤ አንድ ጊዜ ከተቀበሉት በኋላም አይደገምም።

መዓርጋተ ክህነት ሦስት ናቸው፤ ዲቁና፥ ቅስና፥ ኤጲስ ቆጶስነት። ዲያቆን መልእክታትን ያነባል፥ ቄሱን ይራዳል፤ አያጠምቅም፥ አይባርክም። ቄስ ይቀድሳል፥ ያጠምቃል፥ ንስሓ ይቀበላል፤ አይሾምም። ኤጲስ ቆጶስ እነዚህን ሁሉ ያደርጋል፤ ዲያቆንንና ቄስንም ይሾማል።

መሪጌታ፥ የቅኔ መምህር፥ ሰባኪ ግን በየትኛው ይቆጠራሉ ቢሉ፥ ክህነት ከሌላቸው ሹመታቸው በትምህርት ነው። ድጓ የተማረ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ምስክርነቱም የማስተማር ፈቃድ ይሆንለታል። እንዲህ ያለው ሊቅ በቅኔ ማኅሌት ይመራል፤ ወደ መቅደስ ገብቶ ግን መሥዋዕት አያሳርግም። ይህ ሊቁን ማቃለል አይደለም፤ ዓይን ስላየ እጅ አይባልምና።

ነገሩ ከቃል ክርክር ያለፈ ነው። ቅዳሴ በአምስት ልዑካን፥ በሁለት ቀሳውስትና በሦስት ዲያቆናት፥ ይፈጸማል። በደጋው አጥቢያ መሪጌታው ምሉዕ ሆኖ ሁለተኛ ቄስ ቢታጣ፥ ማኅሌቱ ይቆማል፤ ቅዳሴው ግን ይታጎላል፤ ሕዝቡም ከቍርባን ይለያል። ከብርብር ማርያም ጀምሮ በጥንት አድባራት የከበረ አገር፥ በካህን እጦት ደጁ ቢዘጋ ኀዘኑ ታላቅ ነው።

ቀድሞ መከራው ይበልጥ ነበር። የሚሾም ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣ ብቻ ስለ ነበረ፥ የሩቅ አገር ዲያቆን ክህነት ለመቀበል ብዙ መንገድ ይሄድ ነበር። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግብፅ ኤጲስ ቆጶሳት ሆነው ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ስለዚህ የሚሾም አባት ቀረበ፤ የቀረው የሚሾም ልጅ ማዘጋጀት ነው።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ለዕውቀቱ ወይም ለዘመዱ ብላችሁ ያልተመሰከረለትን አታቅርቡ። መኳንንትም ሆይ፥ ሕንፃ ማሠራት መልካም ነው፤ ነገር ግን የአገሩን ልጅ በቋንቋው የሚያስተምር መምህር ቀለብ ሰፍራችሁ አኑሩ። ቤቱ ቢያምር፥ አምስቱ ካልቆሙበት ቅዳሴ የለበትምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።